የዲፈረንሻሉ ትንፋሽ

ለአንድ ላንድክሩዘር አንዱን ኦይል ሲል፣ ዘይት የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት፣ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀየርኩለት። ሦስቱንም ጊዜ ዘይቱ እዚያው ቦታ ተመልሶ ተንጠባጠበ። ደብረ ብርሃን ላይ ቁልፍ ከጨበጥኩ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ተሳስቼ አላውቅም አልልም፤ ለአንድ ስህተት ሦስት ጊዜ ገንዘብ መቀበል ግን ከዚያ በፊት አልደረሰብኝም።

የመኪናው ባለቤት በወጣትነታቸው በደሴ መስመር የጭነት መኪና የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበርም ቁልቁል እስከ አልዩ አምባ ሰውና እህል ያመላልሳሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለሱ አልተቆጡም። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፤ ከወንበር ሥር የታጠፈ ካርቶን መዘው ዘረጉልኝ። ሌሊቱን ከመኪናው ሥር ያነጠፉት ነው። መሐሉ ላይ የጀበና ማቶት የሚያክል ጥቁር ክብ ጠጥቷል።

«እንካ፣ ደረሰኝህ» አሉኝ።

«አባባ፣ ሲሉ እኮ ኦሪጅናል ነው፤ ሲገባም አይተውታል።»

«እኔማ አይቼዋለሁ። ዘይቱ ነው ያላየው።»

እስቲ ከካርቶኑ ልጀምር፤ ከጋራዤ መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነውና። ማንም የመኪና ባለቤት ማታ ሲያቆም ካርቶን ቢያነጥፍና የፊት ጎማው በየት በኩል እንደቆመ በእስክርቢቶ ምልክት ቢያደርግ፣ ጠዋት የምርመራውን ግማሽ ጨርሶ መጣልኝ ማለት ነው። ከፊት፣ ከሞተሩ ሥር የወደቀው ቡኒ ወይም ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው። ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ቀይ ከሆነ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ሲያረጅ ግን ቀይነቱ ወደ ቡኒ ስለሚሄድ ቀለሙን ብቻ አትመኑ። ከጎማ አጠገብ ውሃ የመሰለ፣ በጣት ሲነኩት የሚያሟልጭ ቀጭን ጠብታ ካያችሁ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ከቦታው አታንቀሳቅሱት። ከኋላ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ካለው ትልቅ የብረት ሆድ ሥር የወደቀው ወፍራም ሆኖ እንደ ገማ እንቁላል ከሸተታችሁ ዲፈረንሻሉ ነው። ሽታው የድኝ ነው። ጥርሶቹ በከባድ ጭነት ሲፋተጉ እርስ በርስ እንዳይበላሉ ዘይቱ ውስጥ ድኝ ያለበት ቅመም ይጨመራል። አንዴ እጅ ላይ ከተቀመጠ በሦስት ሳሙና አይለቅም። ባለቤቴ ምን ስሠራ እንደዋልኩ የምታውቀው ገና በር ላይ ሳለሁ ነው።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ ማላብና ማንጠባጠብ ይለያያሉ። ያረጀ መኪና ሁሉ ትንሽ ያልበዋል፤ ዳርዳሩ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ይታይበታል፣ መሬት ላይ ግን ምንም የለም። ለዚህ ብሎ መኪና የሚያስፈታ ሰው ገንዘቡ የበዛበት ነው። ጠብታ መሬት ከነካ ነገሩ ተለወጠ። የኋላ ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ዘይት እንደ መኪናው ዓይነት ቢበዛ ጥቂት ሊትር ነው፤ ጉድለቱን በመብራት የሚያሳይ ምልክት ደግሞ የለውም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። አንድ ቀን ጣርማ በር አቀበት ላይ ከኋላ የጅብ ጩኸት የመሰለ ድምፅ ሲሰማ ያኔ ኩሽኔታው ነዷል።

ዲፈረንሻል ለምን እንዳስፈለገ ለሚጠይቀኝ ሰው አውድማን አስታውሰዋለሁ። ተጉለት ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በሬዎች ጎን ለጎን ሆነው ገብስ ሲያበራዩ መሐል ያለው በቦታው የሚሽከረከር ይመስላል፤ ዳር ያለው ይሮጣል። እኩል ተራመዱ ብትላቸው ወይ አንዱ ይወድቃል ወይ ገመዱ ይበጠሳል። መኪናም ሲታጠፍ የውስጥ ጎማው ትንሽ መንገድ፣ የውጭው ብዙ መንገድ ይሄዳል። ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ግን አንድ ነው። ያንን አንድ ጉልበት ለሁለት ጎማ እንደየእርምጃቸው የሚያካፍለው ይህ የኋላው ሆድ ነው። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ የሠራው ብልሃት ነው፤ ቤንዚን ሞተር ገና ሳይታሰብ።

ውስጡ ትንሿ ጥርስ ፒኞን፣ ትልቋ ኮሮና ትባላለች። የጋራዥ ቃላችን አብዛኛው የጣልያን ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ዳዶ። ኮሮና በእነሱ አፍ ዘውድ ማለት ነው። ወረርሽኙ በገባበት ዓመት አንድ ደንበኛ በስልክ «ኮሮና ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተበልቷል፣ ነገ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሄደን አሮጌ እንፈልጋለን» ስለው አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች ከታክሲ ወርደው ሄዱ ብሎኛል። አምኜዋለሁ።

እንግዲህ ዘይቱ ከዚህ ሆድ ሊወጣ የሚችልባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። ከፊት፣ ረጅሙ ዘንግ ከሚታሰርበት አንገት፤ ከግራና ከቀኝ፣ ዘንጎቹ ወደ ጎማ ከሚወጡበት፤ ሁለቱ ብረቶች ከሚገጥሙበት ጓርኒሲዮን፤ ከመሙያውና ከማፍሰሻው ታፖ። የሽማግሌው መኪና የሚያንጠባጥበው ከፊተኛው አንገት ነበር። ስለዚህ የአንገቱን ሲል ቀየርኩ። መልሼም ቀየርኩ። ከዚያም ከአዲስ አበባ የተሻለ አስመጥቼ ቀየርኩ።

ካርቶኑን ከተቀበልኩ በኋላ አራተኛ ሲል አልገዛም አልኩና ቁጭ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ መቼ መቼ ነው የሚያንጠባጥበው?»

«ቆላ ወርጄ በተመለስኩ ማግስት ነዋ። ከተማ ውስጥ ስሠራ ከሰነበትኩ ደረቅ ነው።»

ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነበረብኝ። ሐኪም እንኳ መርፌ ሳያነሣ «መቼ ጀመረህ?» ይላል። እኔ የወጣውን ዘይት አይቼ የወጣበትን በር ዘጋሁ፤ ከውስጥ የሚገፋው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ስመረምረውም ደረቅ የሆነው ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ፣ ቀዝቅዞ፣ ባዶውን ቆሞ ምን ያንጠባጥባል?

በሚቀጥለው ጊዜ ከአልዩ አምባ ሲመለሱ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ወደ እኔ እንዲመጡ ተስማማን። አንድ ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። አክስሉ እጅ አያስነካም። ከሥር ገባሁና የመሙያውን ታፖ በ24 ቁልፍ ቀስ አድርጌ አላላሁት።

ፍስስስ አለ። የአምቦ ውሃ እንደሚከፈተው። አፍታ ቆይቶም ዘይት ፊቴ ላይ ተረጨ።

ረዳቴ ከላይ ሆኖ «ጎማ ነው የተነፈሰው?» ብሎ ጮኸ።

አክስሉ አናት ላይ፣ ከሥር ለሚያይ ሰው ተደብቃ፣ አውራ ጣት የማትሞላ ባርኔጣ የደፋች ትንሽ ብረት አለች። የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ናት። ሆዱ ሲሞቅ አየር ታስወጣለች፤ ውሃና አቧራ እንዳይገባ ደግሞ ባርኔጣዋ ትከልላለች። ጤነኛ ከሆነች በጣት ሲነኳት ትላወሳለች። ይህችኛዋ አልነቃነቅ አለች። ባትሪ አብርቼ ባያት ባርኔጣዋና አንገቷ በአንድ ላይ ጥቁር ቀለም ተለቅልቀዋል፤ በቀለሙ ላይ የአንኮበር ጭቃ ደርቆ ሸክላ ሆኗል።

ጥቁሩን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ። ከዓመት በፊት ለቦሎ ምርመራ ሲዘጋጁ ከሥሩ አጥቤ፣ ዝገቱን ፍቄ፣ አሳምሬ ረጭቼላቸው ነበር። እንዲያውም «እንደ አዲስ አደረግኸው» ተብዬ ተመርቄበታለሁ።

ለምን ቆላ ደርሶ ሲመለስ ብቻ? ይህን ለማስረዳት የሃይላንድ ላስቲክ ይበቃኛል። ደብረ ብርሃን ላይ ግማሹን ጠጥታችሁ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ሸዋ ሮቢት ውረዱ፤ ጠርሙሱ ሰው የጨመቀው ይመስል ጎኑ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ሸዋ ሮቢት የገዛችሁት የታሸገ ብስኩት ደግሞ ጣርማ በር ላይ ሆዱ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይደርሳል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ዋሻው አካባቢ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ መካከል ከውጭ የሚጫነን አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሙቀቱን ጨምሩበት። ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 80 ዲግሪ የደረሰ አክስል ውስጥ የታፈነ አየር በሙቀቱ ብቻ ሌላ አንድ አምስተኛ ጉልበት ያገኛል። ጭነት የያዘ መኪና አቀበት ሲወጣ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ውስጡ ይነፋል፣ ውጭው ይሳሳል፣ መተንፈሻው ዝግ ነው።

የኦይል ሲል ከንፈር የተሠራው የሚረጨውን ዘይት እንዲመልስ ነው፤ ከውስጥ የሚነፋን አየር ለመግታት አቅም የለውም። ስለዚህ ከንፈሩ ይገለበጣል፣ ዘይቱም ይወጣል። ሜዳማ አገር ላይ ያለ መካኒክ የሲል መበላሸትንና የመተንፈሻ መዘጋትን ሳይለይ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። እኛ አፋፍ ላይ ያለን ሰዎች ግን ሰበብ የለንም።

ይህ አፋፍ ድሮም ሰው ሲፈትን የኖረ ነው። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከታጁራ ጭነቱን የተሸከሙት ግመሎች ከዳገቱ ሥር ቀርተው ዕቃው ወደ አንኮበር የወጣው በሰው ትከሻ ነው። ዛሬ ያንን ሁሉ የሚሸከመው አንድ ኮሮናና አንድ ፒኞን ነው።

የታፈነው በር ጉዳቱ ሲወጡ ብቻ አይደለም። የጋለ አክስል ወንዝ ሲሻገር ድንገት ይበርዳል፤ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ በመተንፈሻው መሳብ ያልቻለውን በሲሉ በኩል ይስባል። የሚስበው ውሃ ነው። በክረምት ታፖ ስፈታ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት የሚፈስልኝ ጊዜ አለ። ዘይቱ ውሃ ጠጥቶ ነጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሙሉ በሙሉ አፍስሶ መቀየር እንጂ «ትንሽ ጨምርበት» ማለት ኩሽኔታውን ማዛግ ነው።

መተንፈሻዋን ነቅዬ በቤንዚን አጠብኋት፤ አልሆነችም፤ ሌላ ገዛሁ። ከዚያ ትንሽ ብልሃት ጨመርኩ። ባርኔጣዋን በቦታዋ ከመመለስ ይልቅ ጭቃና ውሃ ወደማይደርስበት፣ ከነዳጅ መሙያው አጠገብ ወዳለ ከፍታ፣ የነዳጅ ላስቲክ ቱቦ ዘርግቼ በዚያ እንዲተነፍስ አደረግሁት። በረሃ የሚነዱ ሰዎች የሚያደርጉት ነው። ወደ ቱቦው ጫፍ በኋላ እመለሳለሁ።

ሲሉንም ለአራተኛ ጊዜ ቀየርኩት፤ ከንፈሩ ተበላሽቷልና። ይህን ጊዜ ግን እንደ ተማሪ ቀስ ብዬ ሠራሁት፤ ሌላም ጉድ አገኘሁ። ሲሉ የሚነካው ብረት ላይ በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ቀለበት የመሰለ ጭረት ነበር። ለዓመታት የሲሉ ከንፈር እዚያው መስመር ላይ ሲፈትግ የቆፈረው ነው። አዲስ ሲል እዚያ ጉድጓድ ላይ ሲቀመጥ ከሥሩ ዘይት ይሾልካል። መድኃኒቱ ወይ ብረቱን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስተካከል፣ ወይም ጭረቱን የሚሸፍን ስስ ቀለበት ማልበስ፣ ካልሆነም ቤቱ ከፈቀደ ሲሉን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ አድርጎ ያልተነካ ብረት ላይ ማሳረፍ ነው። እኔ የመጨረሻውን አደረግሁ።

ለሚገዙ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። «የላንድክሩዘር ሲል ስጠኝ» ብላችሁ አትግዙ። አሮጌው ሲል ጀርባ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፤ የውስጡ ስፋት፣ የውጭው ስፋትና ውፍረቱ በሚሊ ሜትር። እነሱን ጻፉና ሂዱ። ሲገባ ትንሿ ስፕሪንግ ያለችበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዞራል፤ ከንፈሩ ዘይት ይቀባል፤ በመዶሻ ቀጥታ አይመታም፣ አሮጌውን ሲል ወይም እኩል የሆነ ቀለበት አስደግፎ ዙሪያውን እኩል እየነኩ ነው የሚገፋው። አንዱ ጎን ቀድሞ ከገባ ብረቱ ይጣመማል፤ ዓይን አያየውም፣ ዘይት ያየዋል።

አንገቱን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ደግሞ ከሁሉ ያስፈራኛል። ብዙ ሰው «ጥብቅ አድርገው» ይለኛል። ይህ ዳዶ ግን የውስጡን ኩሽኔታ ልክ የሚወስን ነው። ከነበረበት አልፎ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይታነቃል፤ ከላላ ፒኞኗ ትወዛወዛለች። እኔ ከመፍታቴ በፊት ዳዶውንና ዘንጉን በነጥብ መቺ ምልክት አደርግባቸዋለሁ፤ ከዳዶው በላይ የቀሩትን ጥርሶች እቆጥራለሁ፤ ስመልስ ወደዚያው ምልክት እመልሰዋለሁ። ያለ ምልክት ከፈታችሁት ሥራው ከሲል መቀየር ወደ ዲፈረንሻል ማስተካከል ተሸጋገረ፤ ዋጋውም እንደዚያው።

ስለ ዘይት መሙላትም ላንሣ፤ ምክንያቱም አንድ ረዳት ነበረኝ፣ ታታሪ ልጅ፣ ጠዋት እኔ ሳልደርስ «ልርዳህ» ብሎ ማፍሰሻውን ፈትቶ ዘይቱን ሁሉ አወረደው። የመሙያው ታፖ ግን ዝጎ ጥርሱ አልቋል፤ ቁልፍ አይዘውም። ዘይት የሌለው፣ የማይሞላም መኪና በግቢው መሐል ሁለት ቀን ቆመ፤ በመጨረሻ ብረት በይደን አውጥተነዋል። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ በኖራ «መሙያው ቀድሞ!» ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ራሱ ነው የጻፈው። መጠኑ ዘይቱ የመሙያውን ቀዳዳ የታች ከንፈር ሲደርስ በቃ፤ ትርፉ ሲሞቅ መውጫ ይፈልጋል። መኪናውም ሜዳ ላይ ይቁም። የደብረ ብርሃን ጋራዥ ግቢ ብዙው ዘመም ያለ ስለሆነ ሞላ ብለን የሸኘነው ጎድሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ብርዱንም አልረሳውም። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ የዲፈረንሻል ዘይት የቀዘቀዘ ማር ይሆናል፣ የሲሉ ላስቲክም ይደርቃል። እንዲህ ባለ ጠዋት ቁልፍ አዙሮ ወዲያው ጭነት ይዞ የሚፈተለክ ሾፌር ሲሉን በገዛ እጁ እየቀደደው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ቀስ ማለት ይበቃል።

ከአንገቱ ይልቅ የምፈራው ግን የጎኖቹን መፍሰስ ነው። ያኛው ቢያንስ መሬት ላይ ይታያል። ከጎን የወጣ ዘይት ታምቡሩ ውስጥ ይገባና የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል። ካርቶኑ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የጎማው ውስጠኛ ጎን ላይ ግን ከመሐል ወደ ዳር የተረጨ ጥቁር ጨረር ይታያል። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ከጣርማ በር ደብረ ሲና፣ ከአንኮበር አልዩ አምባ ቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን አጥበው በእሳት አድርቀው የሚመልሱ አሉ። አይሆንም። ሲሞቅ የጠጣውን መልሶ ይተፋዋል። ሸራው ይቀየራል፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም፣ ደንበኛው እምቢ ካለ መኪናውን አልነካም።

ቀይ ጠብታ ይዘው የሚመጡት ሌላ ዓይነት ደንበኞች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከተማችን በቪትዝና በያሪስ ተሞልታለች፤ ብዙዎቹ አውቶማቲክ ናቸው። እኔ ያደግሁት በፍሪሲዮን ነውና አውቶማቲክ ካምቢዮ ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። አንዲት ሲስተር ከሌሊት ሥራ ወጥተው ዓይናቸው እንደቀላ መጡ።

«ጋሼ፣ ሦስት ሰው አጥብቆልኛል። ባጠበቁት ቁጥር ይብስበታል።»

«ሲስተር፣ በሽታውን ነገሩኝ እኮ» አልኳቸው።

ከካምቢዮው ሥር እንደ ትሪ ያለች ስስ ቆርቆሮ አለች፤ ኮፓ እንላታለን። ዘይቱን የምትይዘው እሷ ናት፤ ዙሪያዋን በትናንሽ ብሎኖች ታስራለች። እነዚህ ብሎኖች የሚፈልጉት ኃይል ትንሽ ነው፤ የጎማ ዳዶ ከሚጠብቅበት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። መፍሰስ ያየ ሰው ግን ክንዱን ያስገባበታል። ያኔ ቆርቆሮዋ በየብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ወደ ላይ ትጎብጣለች፤ በሁለት ብሎን መካከል ያለው ከንፈር ይከፈታል፤ ጓርኒሲዮኑም ተጨምቆ ይሰነጠቃል። ባጠበቁት ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል።

ኮፓዋን በአንድ በኩል አስቀድሜ አላልቼ ዘይቱን አዘንብዬ አወረድኩ። ከንፈሯን ጣውላ ላይ ደፍቼ የጎበጠውን ቀዳዳ ሁሉ በትንሽ መዶሻ አቃናሁ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ያለ ጭረት ፍቄ፣ ሁለቱንም ፊት በቤንዚን ጠርጌ አደረቅሁ። አዲሱን ከገጠምኩ በኋላ ከመሐል ጀምሬ ወደ ዳር እየተሻገርኩ በሁለት ጣት በያዝኩት አጭር ቁልፍ ዙሩን ሁለት ጊዜ አጠበቅሁ። ሲስተር «በቃ? ይሄ ብቻ?» አሉኝ። ክንድ ካላዩ ሥራ አይመስላቸውም።

ሲሊከን እንደ ቅቤ የሚለቀልቁ አሉ። ወደ ውጭ የተረፈው በዓይን ይታያል፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ግን ተቆርሶ ፊልትሮ ይደፍናል፣ ካምቢዮውም ዘይት ይራባል። ኮፓዋ ውስጥ ማግኔት ታገኛላችሁ። ላዩ ላይ እንደ አመድ የላመ ግራጫ ጭቃ ካለ የዕድሜ ነው፤ ጥርስ የሚመስል ፍንጣሪ ከተገኘ ግን ካምቢዮው ሌላ ታሪክ ጀምሯል። የዘይቱን ልክ ሞተር አጥፍቶ የሚያይም ብዙ ነው። መለኪያ ዘንግ ያላቸው አብዛኞቹ አውቶማቲክ መኪኖች የሚለኩት ሞተሩ እየሠራ፣ ከሞቀ በኋላ ነው። ደግሞ ከእነዚህ ትናንሽ መኪኖች አንዳንዶቹ ሲቪቲ ናቸው፤ ለእነሱ የራሳቸው ዘይት አላቸው። «ቀይ ሁሉ ቀይ ነው» ብሎ የሞላላቸው ሰው ካምቢዮ ገዝቶ እንዲከፍል ባይገደድ ነው የሚገርመኝ።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። የሦስቱን ጊዜ የእጅ ዋጋ ቆጥሬ መለስኩላቸው። ሳይስቁ ተቀበሉኝ። «የትምህርት ቤት ክፍያህን እኔ ስከፍልልህ ነበር፤ ከእንግዲህ ራስህን ቻል» አሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ያህል ለዘይት አልመጡም፤ ለፍሬን መጡ፣ ለባሌስትራ መጡ፣ አንዴም ለሠርግ ሊጠሩኝ መጡ።

ባለፈው ሚያዝያ ግን በር ላይ ቆመው አየኋቸው፤ በብብታቸው የታጠፈ ካርቶን አለ። ሆዴ ባባ። መኪናው አልዩ አምባ ዘመድ ቤት አምስት ሳምንት ቆሞ ነበር አሉ፤ አሟቸው ነው። ሲያስነሡት ደኅና ነበር፤ አንኮበር ወጥተው ደብረ ብርሃን ሲገቡ ያው ጥቁር ክብ።

ይህን ጊዜ ሲሉን ዘወር ብዬ አላየሁትም። በቀጥታ ወደ ቱቦው ጫፍ ሄድኩ። ክፍት ትቼው ነበር፤ የነዳጅ ፊልትሮ አደርግበታለሁ እያልኩ ረስቼዋለሁ። አሁን ክፍት አይደለም፤ በጭቃ ተደፍኗል፣ በጣት የተለሰነ በሚመስል ጥሩ ጭቃ። ተርብ ናት። የቆላ ተርብ ቀዳዳ ስታገኝ እንቁላሏን ጥላ፣ ለልጇ ስንቅ አስቀምጣ በጭቃ ትመርገዋለች። በሽቦ ስፈለቅቀው የደረቁ ሸረሪቶች መዳፌ ላይ ረገፉ። ረዳቴ ቆጠራቸው፤ ሰባት ናቸው።

ትንሽ የቤንዚን ፊልትሮ ጫፉ ላይ ሰካሁ፣ በሽቦ አሰርኩ፣ ዘይቱን ሞላሁ። ሂሳቡን ስነግራቸው ሸረሪቶቹን ተመለከቱ፣ እኔን ተመለከቱ።

«ከተርቧ ተቀበል» ብለው ሞተሩን አስነሡ።